መጀመሪያ ሚዛኑን፣ ቀጥሎ ይቅርታውን

ጅማ ውስጥ ሁለት የሥራ ባልደረቦች መኳረፋቸው በጩኸት አይታወቅም። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ቡና ሲቀርብ አንደኛው «በኋላ እጠጣለሁ» ይላል። በሳምንቱ ሌላኛው መጥቶ ሲቀመጥ ስኒውን ሳይጨርስ ይነሳል። ሰላምታው ከ«እንዴት አደርክ» ወደ አንገት መነቅነቅ ይወርዳል፤ በሁለት ቃል ያልቅ የነበረው ጉዳይ በሰው መላላክ ይጀምራል። «ቁልፉን ላክ በይው።» መልእክተኛዋ ደግሞ ቃሉን ብቻ አታደርስም፤ የተናጋሪውን ፊትና ድምፅም ጨምራ ነው የምታደርሰው። እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ጸብ በአንድ ከሰዓት ሊፈታ ይችላል። ብዙ አለቃ ግን የሚነሳው በር ሲወረወር ስለሆነ፣ ሲደርስ ነገሩ ከርሟል።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ለሥራ ቦታ ግን እኔ በዚህ ተረት አልስማማም። ሁለት ሰዎች ሥራ ላይ ዝም ሲባባሉ መጀመሪያ የሚነቅዘው መረጃ ነው። ጣሪያው ማፍሰሱ አይነገርም፤ መድኃኒቱ ሊያልቅ መሆኑ አይነገርም፤ ደንበኛው ደውሎ እንደነበር አይነገርም። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልተሳደበም፤ ሥራው ግን ከውስጥ ተቦርቡሯል።

ጸቡ ሲታወቅ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሽማግሌ ይጠራል። ጅማ ላይ አንዱ ሽምግልና ይለዋል፣ አንዱ ጃርሱማ፤ ሁለቱም የተከበረ ሰው መሀል ገብቶ የሚያስታርቅበት ወግ ነው። ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው፤ የአስተዳደር ሥልጠና ስለወሰድን ብቻ ልንንቀው አይገባም። የሚያሳስበኝ መሥሪያ ቤት ሲገባ ቅደም ተከተሉ መዛባቱ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ግንኙነቱ ራሱ ነውና ይቅርታው ነገሩን ይዘጋዋል። ሥራ ቦታ ላይ ግን በሁለቱ ሰዎች መሀል አንድ ነገር ቆሟል፤ ሚዛን፣ መዝገብ፣ ቁልፍ፣ የሺፍት ፕሮግራም። ሰዎቹ ተሳስመው ያ ነገር እንደነበረ ከቀረ ብዙ ሳይቆዩ ወደ ኩርፊያቸው ይመለሳሉ፤ ያውም «ታርቄው ነበር እኮ» የሚል አዲስ ቅሬታ ጨምረው።

የቡና መጋዘንን እንይ፤ ለጅማ ሰው ሩቅ አይደለም። መዛኙ ቡናውን በባስኩላ መዝኖ ያስገባል፤ ንብረት ያዡ ተረክቦ ቁልፉን ይይዛል፤ ከሳምንታት በኋላ መኪና ሲጫን እንደገና ይመዘናል። የገባው 100 ኩንታል ነው። የሚወጣው ከ98 ኩንታል ያነሰ ይሆናል። መዛኙ ወጣት ነው፣ ንብረት ያዡ በዕድሜ አባቱን ያህላል።

«ጋሼ፣ ከ2 ኩንታል በላይ ጎድሏል።»

«እኔ ላይ ነው የምትለው?»

«እኔ ምን አልኩዎት? የተመዘገበውን ነው የምናገረው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ቁልፍ ስይዝ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም!»

«ጎደለ» የምትለዋ ቃል ከአንዱ አፍ ስትወጣ ሌላው ጆሮ ላይ «ሰረቅህ» ሆና ትገባለች። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው የታወቀ ነው። ሽማግሌው ይመጣል፤ «አባትህ ማለት ናቸው፣ ተነስ ጉልበታቸውን ሳም» ይላል። ልጁ ይስማል፣ ቡና ይፈላል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። አሁን ልጁ ምን እንደተማረ አስቡ። ትክክለኛ ቁጥር በመናገሩ ይቅርታ ጠይቋል። በሚቀጥለው ጭነት ቁጥሩን አይናገርም፤ ሲብስ ደግሞ ከጸብ የሚያድነውን ቁጥር መጻፍ ይጀምራል። እርቁ የድርጅቱን መዝገብ አበላሸ ማለት ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ እዚህ ጸብ ውስጥ ሥሩ ራሱ ውሃ ነው። ቡናው የገባው እርጥበቱ 13 በመቶ እያለ ነው እንበል። 100 ኪሎ ውስጥ 13 ኪሎው ውሃ፣ 87 ኪሎው ደረቁ ቡና ነው። በጋው አድርቆት እርጥበቱ 11 በመቶ ሲደርስ ያው 87 ኪሎ ደረቅ ቡና የጠቅላላው 89 በመቶ ሆኗል። 87ን ለ0.89 ብታካፍሉ 97 ኪሎ ከ750 ግራም ገደማ ይመጣል። በእያንዳንዱ ኩንታል 2 ኪሎ ከሩብ ተነነ ማለት ነው። በ100 ኩንታል 225 ኪሎ፣ በለመድነው መስፈሪያ ከ13 ፈረሱላ በላይ (አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው)፣ ማንም እጁን ሳይዘረጋበት ይሄዳል። ክረምት ላይ ደግሞ ይገለበጣል፤ ቡና ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ክብደቱ ይጨምራል፣ በበጋ የጠረጠረ ሰውም «አየህ፣ ደንግጦ መለሰው» ይላል።

ስለዚህ ከይቅርታው በፊት መዝገቡ ይስተካከል። በመግቢያው ገጽ ላይ ከቀንና ከኬሻ ብዛት ቀጥሎ አጠቃላይ ክብደት፣ የባዶ ኬሻ ክብደት፣ የተጣራ ክብደትና እርጥበት የሚሉ ዓምዶች ይግቡ፤ መውጫው ላይም እንዲሁ። እርጥበቱን ከአንድ ኬሻ አፍ ላይ ብቻ መለካት ዋጋ የለውም፤ ከቁልሉ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ክፍል ናሙና ተወስዶ ቢያንስ 3 ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይጻፍ። ባስኩላው ጠዋት ጠዋት ክብደቱ በታወቀ ብረት ይፈተሽ፣ መሀሉ ላይ ብቻ ሳይሆን አራቱም ማዕዘን ላይ፤ ያረጀ ባስኩላ ኬሻው በተቀመጠበት ቦታ ልክ ቁጥሩን ሊለዋውጥ ይችላል። የሚጠበቀው መውጫ ክብደት እንዲህ ይሰላል፤ የገባውን የተጣራ ክብደት ከ100 ላይ የመግቢያው እርጥበት ተቀንሶ በሚቀረው አባዙ፣ ከ100 ላይ የመውጫው እርጥበት ተቀንሶ ለሚቀረው አካፍሉ። ከዚያ የሚተርፍ ልዩነት ካለ ያኔ ስለ ጉድለት ይወራ። ሁለቱም በመግባትም በመውጣትም አብረው ይፈርሙ። ይህን ለመልመድ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ብዙ ሽምግልና ያልቻለውን ግን ይችላል።

አሁን ወደ ሰዎቹ።

ሁለቱን ገና ከመጀመሪያው አንድ ላይ አታስቀምጡ። በየተራ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል፣ ለእያንዳንዳቸው 30 ደቂቃ ስጡ። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከነገ ወዲያ ካነጋገራችሁ መሀል ያለው ሌሊት ለወሬ ይውላል። በሥልጣን ወይም በዕድሜ ዝቅ ያለውን አስቀድሙ። ወጉ ትልቅ ይቅደም ይላል፤ ትልቁ ቀድሞ ከገባ ግን ትንሹ ነገሩ አልቋል ብሎ ይመጣና «እሺ፣ አጥፍቻለሁ» ብሎ ይወጣል፤ እናንተም ምንም ሳትሰሙ ትቀራላችሁ። የትልቁን ክብር በሌላ መንገድ ጠብቁ፤ «ጋሼ፣ እርስዎን ረጋ ብዬ ላነጋግርዎ ስለፈለግሁ ከሱ በኋላ እንቀመጥ» ማለት ይበቃል።

በዚያ ግማሽ ሰዓት የሚፈለገው ምን እንደተደረገ፣ መቼ እንደተደረገ፣ ከነገ ጀምሮ ምን ቢለወጥ እንደሚሻል ነው። ሰው ግን በጠባይ ይጀምራል። «ንቆኛል»፣ «ተንኮለኛ ነው»፣ «ትምክህተኛ ናት»። ይህን አትከራከሩት፣ አትጻፉትም። ወደ ድርጊት አውርዱት።

«ምን ሲያደርግ ነው ንቀቱ የታየዎት?»

«ኧረ ሁልጊዜ ነው!»

«የመጨረሻውን ብቻ ይንገሩኝ። መቼ ነበር?»

«ማክሰኞ። ሾፌርና ወዛደር በተሰበሰበበት ‹ጎደለ› ብሎ ጮኸ።»

ይኸው ተገኘ። ሰውየውን የከነከናቸው ቁጥሩ ብቻ አልነበረም፤ ቁጥሩ የተነገረው በሰው ፊት መሆኑ ነበር። «ንቆኛል» ለሚለው መድኃኒት የለውም፤ «ሰው በተሰበሰበበት ተናገረ» ለሚለው ግን አለው፤ ልዩነት ሲገኝ ቢሮ ገብቶ፣ መዝገብ ተይዞ ለሁለት ብቻ እንዲነገር ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያው ያለውን አታንሱለት፣ «እሱ እንዲህ አለ» ብላችሁ አታረጋግጡ። ይህን ያደረገ አስታራቂ ከነገር አመላላሽ አይለይም፤ ሦስተኛው ተጣይ ሆኖ ያርፈዋል። በጽሑፍ የያዛችሁትንም እዚያው ለተናገረው ሰው አንብቡለት፤ «እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፣ ልክ ነው?» ማለት ብዙ ነገር ያበርዳል።

አስታራቂው ማን ይሁን? ጅማ ትልቅ ከተማ ናት፤ ሆኖም በእድር፣ በዕቁብ ወይም በጋብቻ ያልተያያዘ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ «ገለልተኛ ሰው አለን» ብላችሁ ከላይ አትመድቡ። ለየብቻ ጠይቁ፤ «እገሌ መሀል ቢገባ ቅር ይልሃል?» ካመነታ «ቅር አይለኝም» ቢልም እንኳ ሌላ ፈልጉ። የሚሻለው ሁለት ሰው ነው፣ ከየወገኑ አንድ አንድ የተመረጠ። የሥራ አፈጻጸም ነጥባቸውን የሚሞላው አለቃ ባይቀመጥ እመርጣለሁ፤ እሱ ባለበት ሰው ለማርኩ እንጂ ለነገሩ አይናገርም።

የጋራው ስብሰባ ከ1 ሰዓት አይለፍ። ዓርብ ላይ አታድርጉት፤ የጁምዓ ሰዓት አለ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በግማሽ የቀረ ነገር ቅዳሜና እሁድ ቤት ገብቶ ይፋፋል። ስልኮች ይዘጉ። ሁለቱን ፊት ለፊት አታጋጥሟቸው፤ ከጠረጴዛው ማዕዘን ግራና ቀኝ አስቀምጡና መሀል ላይ መዝገቡን ዘርጉት፣ ዓይናቸው እርስ በርስ ከሚፋጠጥ አንድ ገጽ ላይ ይረፍ። እያንዳንዱ ሳይቋረጥ 5 ደቂቃ ይናገር። ሌላው ከመመለሱ በፊት የሰማውን በራሱ አነጋገር ይድገመው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው፤ ድገም ሲባል ይመልሳል። «እሱ እንዲህ ይላል ግን ውሸት ነው» ካለ በትሕትና አቁሙትና እንደገና ይጀምር። ሁለት ሦስቴ ሊወስድ ይችላል፣ አትሰልቹ። ተናጋሪው «አዎ፣ እንደሱ ነው ያልኩት» ሲል ትከሻው ዝቅ ይላል፤ ያንን ስታዩ ወደ ሥራው ጉዳይ ለመግባት ጊዜው ደርሷል።

የሚጻፈው ስምምነት ከግማሽ ገጽ አይብለጥ፣ «እንከባበራለን» የሚል ዓረፍተ ነገርም አይግባበት። መከባበርን ማን ይለካዋል? እንዲህ ይጻፍ፤ «ከሰኞ ጀምሮ መዛኙ እርጥበትና ክብደት ይመዘግባል፣ ንብረት ያዡ አብረው አይተው ይፈርማሉ። ልዩነት ሲገኝ በዚያው ቀን እስከ 11 ሰዓት በቢሮ ውስጥ ለሁለቱ ብቻ ይነገራል። መልእክት በሦስተኛ ሰው አይላክም። በ15ኛው ቀን አብረን እንገመግማለን።» ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። እነዚህ ከሌሉበት ወረቀቱ ጌጥ ነው።

ይቅርታው አሁን ይምጣ፤ ሽማግሌውም አሁን ይጠራ፣ ቡናውም አሁን ይፈላ። ይቅርታው ግን በልኩ ይሁን። ወጣቱ «ለሁሉም ነገር ይቅርታ» አይበል፤ «ሰው ፊት ስለተናገርኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይበል። ትልቁም «ልጄ፣ ቁጥሩን መናገርህ ሥራህ ነው» ቢሉት፣ እንዲህ ያለ ቃል በሽማግሌ ፊት ከተነገረ ከማኅተም ይከብዳል። የጃርሱማው ትልቁ ጉልበት ምስክርነቱ ነው፤ ሽማግሌው ስምምነቱን ከሰማ በኋላ ማፍረስ ያሳፍራል።

ሁሉም ጸብ ሚዛን የለውም። ሆስፒታልና ክሊኒክ ውስጥ ሥሩ ብዙ ጊዜ ርክክብ ነው፤ ወጪው ተረኛ ይቸኩላል፣ ገቢው ይዘገያል፣ «አልነገረችኝም» እና «ነግሬያታለሁ» ይጀመራል። ሁለቱ ሺፍቶች 15 ደቂቃ እንዲደራረቡ ማድረግና ርክክቡን ቢሮ ተቀምጦ ሳይሆን ከታካሚው አልጋ አጠገብ፣ ቻርቱን ይዞ ማካሄድ የጸቡን አብዛኛውን ነዳጅ ይወስዳል።

የበዓል መተካካትም አለ። ፋሲካ ሲሆን ሙስሊሙ ይገባል፣ ኢድ ሲሆን ክርስቲያኑ፤ ጅማ ላይ ይህ የኖረና ደስ የሚል ልማድ ነው። የሚያበላሸው በቃል ብቻ መቅረቱ ነው። «ለገና ገብቼልህ ነበር» የሚለው ሰው ለ2 ቀን ያስባል፣ ሌላው ለ1። ቅያሬው ሲደረግ የሺፍት ፕሮግራሙ ላይ በእጅ ጽሑፍም ቢሆን ይስፈር፣ የሚመለስበት ቀንም አብሮ ይጻፍ። ፍቅር በመዝገብ አይቀንስም።

ቋንቋ ግን ትንሽ ያዘገየኛል። በአንድ ቢሮ ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ ከፍኛ፣ የምኛ፣ ጉራጊኛ ይሰማል። ሁለት ሰዎች በቋንቋቸው ሲሳሳቁ ሦስተኛው «በኔ ነው» ይላል፤ ጥርጣሬው ከተተከለ ደግሞ ተራ የሥራ ጸብ የብሔር ጸብ መስሎ ይወጣል፣ ያኔ ለማስታረቅ በጣም ይከብዳል። ወሬን በቋንቋ መከልከል ስድብ ነው፣ አታድርጉት። የሥራ ትእዛዝ፣ ርክክብና ማሳሰቢያ ግን ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ ይሁን፤ አንድ ሰው የማይሰማ ካለ ይተርጎምለት። በማስታረቅ ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ቅሬታውን ሆዱ ባለበት ቋንቋ ይናገር። በሁለተኛ ቋንቋ የሚናገር ሰው ሳያስበው ደረቅ ወይም ቁጡ ሊመስል ይችላል፤ ይህ ስንት ጊዜ ያለ ጥፋት እንደሚያስወቅስ ማሰብ ያሳዝነኛል።

ሽምግልና የማይገባበት ቦታም አለ፣ እዚህ ላይ ማለሳለስ አልፈልግም። ድብደባ፣ ጾታዊ ትንኮሳ፣ ዛቻ፣ የደመወዝ መከልከል በ«ተው ቻይው» አይያዝም። ለግል ድርጅትና ለመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኛ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳንም አካላዊ ጥቃትንም ይከለክላል። ትንኮሳው የተፈጸመባት በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው ከሆነ፣ በአንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ኃላፊ ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ «ታረቁ» ካለ ተበዳይዋን ለሁለተኛ ጊዜ በድሏታል። ሥራው የተባለውን በጽሑፍ መያዝ፣ ሁለቱን በሥራ መለየትና ጉዳዩን ወደ ዲሲፕሊን፣ እንደ ሁኔታውም ወደ ፖሊስ ማቅረብ ነው። ሲለያዩ ደግሞ የምትነሳው ከሳሿ አትሁን።

ጊዜም አለ። ሥራ ቦታ ላይ አምባጓሮ ማንሳት እንደ ጥፋቱ ክብደት ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት እንደሚችል አንቀጽ 27 ይደነግጋል፤ አሠሪው ግን ምክንያቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነበት መብቱ ያልፋል። በሽምግልና ስም ከዚያ በላይ ማንጠልጠል ማንንም አይጠቅምም። ሠራተኛውም ከሕግ ውጭ ተሰናብቻለሁ ብሎ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚያቀርበው ክስ በ3 ወር ይታገዳል፤ «ሽማግሌ ልከናል፣ ጠብቅ» እየተባለ ቀኑ ያለፈበት ሰው የሚይዘው የለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ ሳይሆን በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ስለሚተዳደር መንገዱ በመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ሰሚና የዲሲፕሊን ኮሚቴ በኩል ነው፤ አቤቱታው በጽሑፍ ይግባ፣ ገቢ የተደረገበት ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ እጅ ላይ ይቅር።

ሳልጠቅሳቸው የማላልፋቸው ስሕተቶች አሉ። አንደኛው አለቃ ሁለቱን ጠርቶ «ሁለታችሁም ጥፋተኞች ናችሁ» የሚለው ነው። ሚዛናዊ ይመስላል፤ ሁለቱም ግን ያልተሰሙ ሆነው ይወጣሉ፣ አንዳንዴም ብቸኛው የሚስማሙበት ነገር አለቃውን መጥላት ይሆናል። ሌላው አንዱን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር። የተዛወረው በሠራተኛው ዓይን የተፈረደበት ነው፤ የመጋዘኑ መዝገብም እንደነበረ ስለሆነ አዲስ የመጣው መዛኝ በቀጣዩ ጭነት ከዚያው ንብረት ያዥ ጋር ይጣላል። ነገሩን በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማንሳት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። «አንዳንድ ሠራተኞች…» ብሎ የሚጀምር ማሳሰቢያ አሽሙር ነው፤ ሁሉም ስለማን እንደሆነ ያውቃል፣ ማንም ግን መልስ ሊሰጥበት አይችልም።

በ15ኛው ቀን ስትቀመጡ «አሁን እንዴት ናችሁ?» አትበሉ፣ «ደህና ነን» ተብሎ ይዘጋል። ወረቀቱን አውጡ። ስንት ጭነት ወጣ? በስንቱ ላይ ሁለቱም ፈረሙ? እርጥበት ያልተጻፈበት ገጽ አለ? መልእክት በሰው ተልኮ ያውቃል? አንዱ ነጥብ ካልሠራ ከሰው በፊት ነጥቡን ጠርጥሩ፤ የእርጥበት መለኪያው ባትሪ አልቆ፣ ወይም ጭነቱ ሁሌ ከ11 ሰዓት በኋላ እየመጣ ሊሆን ይችላል። ነጥቡን አስተካክላችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ፣ እንደገና አስፈርሙ። ከወር በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ እዩት፤ ከተቻለ ሲጫን በቦታው ቆማችሁ፣ ምንም ሳትናገሩ።